ከአባባ ፔዳል ላይ የቆረጥኩት ብረት

ጅጅጋ፤ የካቲት 2016 ዓ.ም.

ለማከብርሽ፣ ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ሙቀቱ ዘንድሮ ድሬዳዋ ላይ ቀድሞ ገባ ሲሉ ሰምቼ ደም ግፊትሽ አሳሰበኝ። መድኃኒትሽን በሰዓቱ ትወስጃለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ዛሬማ ደህና ነኝ» እያልሽ ትዘይዋለሽ? ልጆቹስ፣ የልጅ ልጆቹስ? እዚህ ንፋሱ አቧራውን ተሸክሞ ሲዞር ይውላል፤ ገመድ ላይ ነጭ ልብስ አይሰጣም። ባለቤቴ ሶሲና እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች። የምትገቢበትን ክፍል ቀለም አስቀብታለች፤ መጋረጃውንም ራሷ ሰፍታለች። አልጋሽ በመስኮቱ በኩል ይሁን በግድግዳው በኩል እያለች ስታዛውረው ትውላለች። ያኔ የተሰበረው የግቢ በር ከተሠራ ቆይቷል፤ ማጠፊያው ግን አሁንም ይጮኻል። ሠሪው ሰነፍ ነው።

«እኛም ደህና ነን» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ጽፌው ሰረዝኩት። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ገና «ሃሎ» ስል ከድምፄ ታውቂብኛለሽ፤ ሶሲናም ከአጠገቤ አትርቅም። ስለዚህ ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። መነጽርሽ ከጠፋም ፈልጊው እንጂ ለልጆቹ ሰጥተሽ እንዳታስነብቢ። ፈርቻለሁ እትዬ። ይህን ቃል ለአንቺ እንኳ ጽፌ አላውቅም፤ እዚህ ላለ ሰው ደግሞ ከምናገረው ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል።

በፍሬኑ ልጀምር፤ ፍርሃቴ የመጣው በዚያ በኩል ነውና።

በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማው ሲረበሽ በአባባ ፒክአፕ ጭነት ላይ፣ በሸራ ሥር፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተኝተሽ የካራማራን ተራራ መሻገርሽን እኔ አላስታውስሽም። የአባባ ሹፌር ዋርሳሜ ባይነዳ፣ በየኬላው ወርዶ በሶማልኛ እየማለና እየቀለደ ባያሳልፋችሁ ኖሮ ዛሬ የምጽፍለት ሰው አይኖረኝም ነበር። ባለፈው ዓመት ልመለስ ስትዪ ያስቀመጥሻቸውን ሁለት ነገሮች ቃል በቃል ይዣቸዋለሁ። «በሸራ ሥር የወጣሁበትን መንገድ በዚያችው መኪና፣ ከፊት ተቀምጬ፣ ወንድሜ እየነዳ ካልሆነ አልመለስም» አልሽ። ቀጥለሽም «ፍሬኗን ሳታሠራ ደግሞ እንዳትመጣ፤ ያን ቀን የተቃጠለው የፍሬን ሸራ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ» አልሽ።

ሽታው እውነት ነበር። የአባባ ላንድክሩዘር በአራቱም እግሯ ታምቡር ፍሬን ነው ያላት። የፍሬኑ ሸራ በተዘጋ ብረት ውስጥ ሆኖ ይፋተጋል፤ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ረጅም ቁልቁለት ላይ እየከዳ ይሄዳል። ዲስክ ግን ገላጣ ነው፤ ሁለቱን ፊቱን ይዞ ያቆማል፣ ንፋስም ያገኘዋል። ስለዚህ የፊት ሁለቱን እግሮች ወደ ዲስክ ለማዞር ወሰንኩ። የራሴም ምክንያት ነበረኝ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ፔዳሉ ጠነከረብኝ። ቁልቁለት ላይ ስረግጠው ከጭኔ ጀምሮ መግፋት አለብኝ። ዋርሳሜን ጠየቅኩት፤ «እኔ ምንም አላየሁበትም» አለኝ። የሹፌር እግር ድንጋይ ነው፣ ምን ያውቃል ብዬ ተውኩት። ለዚህም ሲባል ሰርቮ የሚሉትን፣ እግርን የሚያግዘውን ድስት መሳይ ነገር አብሬ ለማስገጠም ወሰንኩ።

ዕቃው ከቶጎጫሌ መጣ፤ ከተገለበጠ አዲስ ሞዴል ላንድክሩዘር የተፈታ ነው። ሥራውን የያዘው ጉሃድ የሚባል መካኒክ ነው፤ ጋራዡ ከከብት ገበያው ወዲህ ነው። እጁ ጥሩ ነው፤ አፉ ግን «ችግር የለም» ከሚለው ሌላ ቃል አያወጣም። ይህን ቃል እንዴት እንደምጠላው ታውቂያለሽ። ቡሎኑ አልገባም ስለው ችግር የለም፤ ቱቦው ተጣመመ ስለው ችግር የለም። አንድ ቀን ጎማዎቹ ገና ከግቢ ሳይወጡ እሳት ሆኑ። የድሮውን የፍሬን ፓምፕ እንዳለ ትቶት ኖሯል፤ እሱ ደግሞ ለታምቡር ስለተሠራ በቱቦው ውስጥ ትንሽ ግፊት ያስቀራል፤ ዲስኩ ሳይረገጥ እየተፋተገ ነው። እኔ ነኝ ያገኘሁት። «ይሄም ችግር የለም?» ብዬ እጁን ወደ ጎማው ብጎትተው «ኢንጅነር፣ ይሄስ ትንሽ አለው» አለና ሳቀ። ሠራተኞቹም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ፓምፑ ተቀየረ።

ፔዳሉ የተፈታ ዕለት ነው ያን ብረት ያየሁት። በፍሬን ፔዳሉ ላይ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ብረት ተበይዳ ነበር፤ ወደ ቀኝና ወደ ታች የተዘረጋች፣ ብየዳዋ ያበጠ፣ ጠርዟ በሞረድ ያልተስተካከለ። ያን ሁሉ ዓመት ስረግጣት የፔዳሉ ጎማ ሸፍኖብኝ አላየኋትም። «ይህ ደግሞ የማን ፈጠራ ነው?» አልኩ። ዋርሳሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ተዋት፣ ምን ትጎዳሃለች?» አለኝ። ፋብሪካው ያልሠራው ነገር እኔ መኪና ላይ አይኖርም አልኩትና ጉሃድን ከሥሯ አስቆረጥኩት። ዋርሳሜ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ትቶት ወጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ቁራጯን ሠራተኛው ከውዳቂ ብረቱ ጋር ጣላት። ይህን ያህል አስረዝሜ የምጽፍልሽ ለምን እንደሆነ ትደርሺበታለሽ።

የመጀመሪያውን ፈተና ዋርሳሜ እንዲነዳ አደረግኩ። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ማድመጥ ፈለግኩ። ካራማራ ጫፍ ድረስ ወጣን፣ ዞረን ወደ ጅጅጋ ወረድን። እትዬ፣ ውብ ነበር! እንደ ሠርገኛ በቅሎ ረጋ ብላ ወረደች፤ በያዛት ቁጥር ትያዛለች፤ ሽታ የለ፣ ጭስ የለ። ሥሩ ላይ ስንደርስ ሮብሌ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ብቅ አለ። ሮብሌን ታስታውሺዋለሽ፤ ተራራውን ለሚወርድ መኪና ሁሉ ጎማው ላይ ውሃ እየደፋ የሚያበርደው ሰው ነው። የታምቡር ዘመን ወግ ነው፤ ሹፌር ቆሞ ሳያስደፋለት ካለፈ እንደ ነውር ይቆጠራል። «አትንካ!» ብዬ ከመጮኼ በፊት ዋርሳሜ በመስኮት እሺ ለማለት አንገቱን ነቀነቀለት። ውሃው የጋለው ዲስክ ላይ ሲያርፍ እባብ የተረገጠ ይመስል ጮኸ። ዲስኩ እንደዚያ ሆኖ ሲቀዘቅዝ ይጣመማል። ተጣመመም፤ ከዚያ በኋላ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መሪው እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወርጄ ሮብሌን ሰደብኩት። እሱ ጀሪካኑን አስቀምጦ በእርጋታ አየኝና «ጎማ ሲግል ውሃ፣ ሰው ሲግል ሻይ። ና ሻይ ጠጣ» አለኝ። ዋርሳሜ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሌላ ዲስክ እስኪመጣ ድረስ እንደገና መጠበቅ ሆነ፤ በቀጠርኩሽ ቀን ያልመጣሁት በዚህ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ደረስኩ።

አዲሱ ዲስክ ገባ። በከተማ ውስጥ ነዳኋት፤ በሰርቮው ምክንያት ፔዳሉ ለስልሶልኛል፤ ደስ አለኝ። አንቺን ይዤ የምወርደው እኔ ስለሆንኩ ቀጣዩን ፈተና ራሴ መንዳት ነበረብኝ። ዋርሳሜ ከጎኔ ተቀመጠ። በጠራ ጠዋት፣ ፀሐይ ከኋላችን ሳለች ወጣን፤ ጫፉ ላይ ዞረን መውረድ ጀመርን። የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች በከባድ ማርሽ ወረድኩ። ሜዳው ከታች ተዘርግቶ ከተማው በአቧራ ውስጥ ይታያል። ዝንጀሮዎች አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀጥሎ ያለው ኩርባ ላይ አንድ የጭነት መኪና በዝግታ ሲወጣ አየሁና ፍሬን ረገጥኩ።

ምንም የለም።

እንደገና ረገጥኩ። ከእግሬ ሥር የሚመልስ ነገር አልነበረም። ወለሉን ነካሁ። ሞተሩ አገሳ፤ ያን ጊዜ ለምን እንዳገሳ አልጠየቅኩም። መኪናዋ ፈጠነች፤ የጭነት መኪናው ሹፌር ጥሩንባውን ሳይለቅ መጣ። ዋርሳሜ «ያ አላህ!» ብሎ ቁልፉን አጠፋና የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ጎተተው፤ እኔ መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዝኩ። የጠጠር ክምር ላይ ወጥተን፣ የግራ መብራቷ ተሰብሮ፣ ቆምን። የጭነት መኪናው በግራችን ነካ ሳያደርገን አለፈ፤ ንፋሱ ብቻ መስኮታችንን መታው።

ከዚያ እኔ መጮኽ ጀመርኩ። «ፔዳሉ ወለል ነካ! ሰማኸኝ? ወለል ነካ! ያ ነፍሰ ገዳይ!» አልኩ። ዋርሳሜ እግሬን አየ፤ ፊቴን አየ። «አዎ» አለ፤ «ፍሬኑ ነው»።

ወደ ከተማው የመለሳት እሱ ነው። በእጅ ፍሬንና በማርሽ ብቻ እየነዳ ነው ብዬ አምኜ ነበር፤ እግሩን አላየሁትም። እኔ የማስበው ጉሃድን ብቻ ነበር። ጋራዡ ሰው ሞልቶታል፤ ሹፌሮች ሻይ እየጠጡ ነበር። በሁሉም ፊት ሰደብኩት። ምን እንዳልኩ ለአንቺ አልጽፈውም፤ እናቱንም ጨምሬያለሁ። ጉሃድ መፍቻውን አነሣ። ፊቱ አመድ ሆኖ ፍሬኑን ፈታው፣ ገጠመው፣ አየር ገብቶበት እንደሆነ አየ፣ ዘይቱን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ራሱ ገባና በግቢው ውስጥ በፍጥነት ነድቶ ግንቡ ሥር ሲደርስ ረገጠው። መኪናዋ ባለችበት ተተከለች። እንደገና አደረገው። «እይ፣ ኢንጅነር! ፍየል እንኳ እንዲህ አትቆምም!» አለ። ከዚያ ወደ ዋርሳሜ ዞሮ፣ «ዋላል፣ ወንድሜ፣ አንተ ሹፌር ነህ። ፍሬኑ ነው ትላለህ?» አለው። ዋርሳሜ መሬት መሬቱን እያየ «ፍሬኑ ነው» አለ።

ያን ምላሹን ይዤ ቤቴ ገባሁ። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ማሽን አንዴ ሠርቶ አንዴ እምቢ አይልም፤ ምክንያት አለው። በነጋታው መኪናዋን ግቢያችን ውስጥ አቁሜ ገባሁባት። ፔዳሉን እያየሁ ስረግጠው ይሠራል። ምንም እንከን የለውም። ከዚያ መንገድ ላይ እንደሚደረገው፣ ዓይኔን ወደፊት አድርጌ፣ እግሬን ከነዳጁ አንሥቼ ወደ ፍሬኑ ማዛወር ጀመርኩ። ደጋግሜ አደረግኩት። አንዳንዴ ይደርሳል። አንዳንዴ ጠርዙን ነክቶ ይንሸራተታል። አንዳንዴ ደግሞ ረግጫለሁ ብዬ ጎንበስ ስል፣ ጫማዬ ከፔዳሉ ሥር ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ ተረከዜም ገና ነዳጁ ላይ ነው። የሚያስፈራው እሱ አይደለም እትዬ። የሚያስፈራው ሳላይ አለማወቄ ነው። እግሬ አንድ ቦታ ሆኖ ሳለ፣ እኔ ሌላ ቦታ ነው ብዬ ምዬ እመሰክር ነበር።

ሶሲና በመስኮት ብቅ ብላ «ቆማ ባለች መኪና ወዴት እየሄድክ ነው?» አለችኝ። ፔዳል እየፈተሽኩ ነው አልኳት። «እና አለፈ?» አለች እየሳቀች። አለፈ አልኳት።

ዋርሳሜን ከቀትሩ የዱሁር ሶላት በኋላ ቤቱ ሄጄ አገኘሁት። ገና ሳልቀመጥ፣ ለምን ዋሸህ አልኩት። ቆዳ ምንጣፉን ጠጋ አደረገልኝ። «ሰው ፊት ሌላ ምን ልበል?» አለኝ። «የጉሃድ ስም ነገ ይታጠባል። ያንተ ግን ነገ አይታጠብም።» ከዚያ አባባ እዚያችው መሪ ላይ እንዲህ እንደሆነ ነገረኝ። መጀመሪያ ፔዳሉ ጠነከረብኝ አለ አሉ። ቀጥሎ እግሬ ከፔዳሉ ያመልጣል አለ። ለማንም እንዳይናገር አስምሎት፣ ደገሀቡር ድረስ ሄደው፣ በማያውቃቸው በያጅ ያችን ብረት አስበየዱ። እግሩ ቢያመልጥ እንኳ እንድትይዘው። እኔ የቆረጥኳትን።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን ነበር መሰለሽ? «እንደገና ላስበይዳት» ነበር። እንዲያውም የተሻለች፣ ልኳ የተሠላ፣ ጠርዟ የተስተካከለ። ይህንኑ ለዋርሳሜ ስነግረው ብድግ አለ። እሱ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም፤ አባባን እንኳ እንዲህ አልተናገረውም። «አባትህም ብረቷን አምኖ ነዳ! አንድ ቀን እናታችሁን በመሃላችን አስቀምጦ ነበር። እግሩ ብረቷንም አለፋት። እኔ ነኝ መሪውን የያዝኩት። እናታችሁ የሹፌር ጨዋታ መስሏት ሳቀች፤ ምስጢሩን ሳታውቅ ኖራ ሞተች። አንተ ደግሞ ልትደግመው ነው? እህትህን እኔ ነኝ በሸራ ሸፍኜ ያወጣኋት። አንተ እንድትገድላት ነው ያተረፍኳት እንድል ትፈልጋለህ? ቁልፉን አምጣ» አለኝ።

እንዴት እንደሰደብኩት አልደብቅሽም። መኪናዋ የአባቴ ናት አልኩት፤ አንተ ተቀጣሪ ነህ አልኩት። እጁን ዘርግቶ እንደቆመ ቀረ። «ጨረስክ?» አለኝ። ሰጠሁት።

አባባ በመጨረሻ ዓመታቱ «ዋርሳሜ ይንዳ፣ እኔ አገር ልይበት» ይል እንደነበረ ትዝ ይልሻል? አንቺና እማማ «አሁን ገና ጌታ ሆነ» እያላችሁ ትስቁበት ነበር። እኔ ደግሞ እርጅና ነው አልኩ። ቤት ውስጥ ከዘራ ሲይዝም እርጅና ነው አልን። ደረጃው ላይ የወደቀ ዕለትም እርጅና ነው ብለን ቀበርነው። በዕድሜው ስንት ነበር? እኔ አሁን ካለሁበት ብዙ አይርቅም።

ጉሃድ ጋ ተመልሼ ሄድኩ፤ የሰደብኩት በሹፌሮቹ ፊት ስለሆነ እነሱው ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት። ፍሬኑ ደህና ነበር አልኩ። «ታዲያ ምን ነበር?» አለኝ። ጫማዬ ነው፣ ሶሉ ያንሸራትታል አልኩት። ጫማዬን አየ። «ኢንጅነር፣ ወላሂ፣ ጫማ ይቀየራል እንጂ የሰው እናት አይሰደብም» አለ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሻይም ጋበዘኝ። የግራ መብራቷንም ቀየረልኝ።

ከዚያ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ለሶሲና ጉንፋን ነው ብያታለሁ። ሐኪሟ ዶክተር ኢልዋድ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ የልጄ እኩያ ትሆናለች፣ ግን አትቸኩልም። «ጋሼ፣ ጫማዎን ያውልቁ» አለችኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታችኝ፤ ዓይኔን አስጨፍና የእግር ጣቶቼን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገች የት ናቸው ትለኛለች። ተማሪ ሆኜ እንኳ እንዲህ ፈተና ወድቄ አላውቅም። ከዚያ ተነሥተው በተረከዝዎ ብቻ ይራመዱ አለችኝ። የሆነውን አልጽፍም። ተመልሳ ተቀመጠችና፣ «አባትዎ እንዲህ ነበሩ?» አለችኝ። ነበሩ አልኳት። «እናትዎስ?» አይደለም አልኩ። ብዕሯን አስቀመጠች። «እህት ወንድም አለዎት?» አለችኝ።

እትዬ፣ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄ አውቃለሁ። በዚያ ሐምሌ እንኳ በር ላይ ቆመው ማን ነህ ሲሉኝ መልሻለሁ። እንዲህ የከበደኝ ጥያቄ ግን አላውቅም። አለችኝ፣ አንዲት ታላቅ እህት አለችኝ አልኩ።

አዲስ አበባ ሄጄ የምመረመርበት መሣሪያ አለ ብላ ጻፈችልኝ። እሄዳለሁ፤ ግን አንቺ ከመጣሽ በኋላ። የነገረችኝን ሁሉ በደብዳቤ አላስቀምጠውም። በአካል፣ አንቺ ክፍል ውስጥ፣ በሩን ዘግተን።

አሁን መምጣትሽን እንነጋገር። መኪናዋ አልቃለች፤ እንደዚህ የተሠራ ፍሬን እዚህ አገር ላይ ጥቂት መኪና ነው ያለው፤ በዚህ እምላለሁ። ከጾሙ በፊት ድሬዳዋ እንመጣለን። ቃልሽን አልረሳሁም፤ ከፊት ትቀመጫለሽ። የሚነዳው ግን ዋርሳሜ ነው። እኔ በመስኮት በኩል እሆናለሁ፣ አንቺ መሃላችን። በቃሌ ስላልቆምኩ ተቆጪኝ፤ ግን በእሱ ፊት ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ካራማራን ስንወርድ ሮብሌ በጀሪካኑ ከመጣ አንቺ ሰላም በይውና ውሃውን እንዳይደፋ ለምኚልን፤ እኔን አይሰማኝም።

ደግሞም አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ይህን ዛሬ አድርጊው፤ ነገ እንዳትዪ። ጠዋት፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ በሩን ዝጊ። ጫማሽን አውልቂ። አንድ እጅሽን ግድግዳው ላይ አድርጊ፣ እንዳትወድቂ። ከዚያ የእግሮችሽን ጣቶች ሁሉ ከመሬት አንሥተሽ፣ በተረከዝሽ ብቻ ከበሩ እስከ መስኮቱ ሂጂ። በቀኝሽም በግራሽም። ጣቶችሽ መሬት ከነኩ አትደግሚው፤ ተቀመጪ። ለልጆቹ አትንገሪ። ለእኔ ግን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ላኪልኝ፤ አንድ ቃል ይበቃኛል። ስልኬን ከእጄ አላስቀምጥም።

እኔ የግራውን ብቻ ችያለሁ።

እመቤቴ ማርያም ከእነልጆችሽ በክንፏ ታኑርሽ። ቤታችን ዳግመኛ በድምፅሽ እንዲሞላ አምላክ ያብቃን፤ የእማማንና የአባባን ነፍስ ይማር። ዋርሳሜ «ሸራ ሳይሆን ትራስ ይዤ እመጣለሁ በላት» ብሎሻል።

ሁልጊዜ የምትታገሺው፣

ታናሽ ወንድምሽ